ሁለት ብርድ ልብስ

አቶ ታደሰ ሞተው የተገኙት ሳሎን ሶፋ ላይ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነው። ወሩ መስከረም ነበር፤ ሳን ሆዜ በዚያ ሰሞን በሙቀት እየነደደች ነበር።

ለምርመራ የተላከው ተኽኣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሞት ሲመረምር የኖረ፣ ጉልበቱ ያለቀ ኤርትራዊ ነው። ጉልበቱን ጠዋት በበረዶ፣ ማታ በሙቅ ውሃ ያባብለዋል። አማርኛ ስለሚችል፣ ሐበሻ በሞተ ቁጥር ከኦክላንድ እየነዳ የሚመጣው እሱ ነው። ድካሙን መደበቅ ከተወ ቆይቷል።

«ሙሉዬ ናት የገደለችው» አለ ልጃቸው ሚልክያስ፣ ገና በሩን ሲከፍትለት። «የአባዬ ጀርባ ላይ የህመም ፓች፣ በቆዳ የሚገባውን መድኃኒት፣ የምትለጥፈው እሷ ናት። ሐኪሙም መድኃኒቱ በዝቶባቸው ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ደርባ ለጥፋለች! ለኤጀንሲዋ ሪፖርት አድርጌያታለሁ።»

«ስንት ፓች ተገኘባቸው?»

«አንድ።»

«ከካርቶኑስ የጎደለ አለ?»

«የለም» አለ ሚልክያስ፣ ወደ ኩሽናው እያየ።

አስታማሚዋ ሙሉዬ ኩሽና ውስጥ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሥራ ታግዳለች፤ ፈቃዷ ከተነጠቀ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፣ ክስም ሊከተላት ይችላል።

«እግራቸው ወለም ብሎ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር» አለች። «በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ሃያ ደቂቃ ያዝኩላቸው። ምሳ አብልቼ ወጣሁ።»

«ሙቀትስ አድርገሽላቸዋል?»

«ኧረ በጌታ! ፓች ያለበት ገላ ላይ ሙቀት ከተደረገ መድኃኒቱን ባንዴ ይለቀዋል። ይኸው፣ ፍሪጁ ላይ ጽፌያለሁ።»

ተኽኣ አነበበው። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «በረዶ እግር ላይ ብቻ። ጀርባ ላይ ሙቀት ክልክል ነው!»

የሚልክያስ ሚስት ቲቲ አማቷን ያገኘቻቸው ወደ ማታ፣ ካምቤል ካለው ሥራዋ ስትመለስ ነው።

«ከጀርባቸው ሥር የእኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር፤ ለወገቤ የምጠቀምበት። ከቁም ሳጥኔ ማን እንዳወጣው እንጃ።»

«ልጅቷንስ ጠይቃችኋታል?»

ደረጃው ላይ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ሲና ተቀምጣለች።

«ሲና አማርኛ አትሰማም» አለች ቲቲ።

ይህ ሲነገር ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች። ተኽኣም ልጅቷን አያት።

የሟቹን ስልክ ከፈተ። ልክ ከትምህርት ቤት መውጫ በኋላ በእንግሊዝኛ ወደሚሠራ የነርስ ምክር መስመር ተደውሏል፤ ስምንት ደቂቃ ፈጅቷል። የአቶ ታደሰ እንግሊዝኛ ግን ከ«ታንክ ዩ» አያልፍም ነበር።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተኽኣ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቤቱ ቢሄድ ደስ ባለው። ሙሉዬ ግን አሁንም የወንበሩ ጫፍ ላይ ናት። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መድኃኒቱን ያበዛው ሁለተኛ ፓች አይደለም፤ ማሞቂያው ነው» አለ። «ሙሉዬ አደጋውን ታውቅ ነበር፤ ጽፋም ለጥፋለች። ለመግደል ያሰበ ሰው ማስጠንቀቂያ አይለጥፍም። አሁን ብርድ ልብሶቹን እዩ። በዚህ ሙቀት ማነው ሁለት የሚደርበው? ሰውየውን በረዳቸው ብሎ ያመነ ሰው። ሙሉዬ፣ አቶ ታደሰ ጀርባቸውን ሲያማቸው ምን ይሉ ነበር?»

«ብርድ ነው፣ ብርድ ወጋኝ ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቪክስ አሻቸዋለሁ።»

«ቲቲም፣ ሚልክያስም እንደዚያው ታደርጉ ነበር። ብርድ ልብስ የሚያመጣ ግን ‹ብርድ› የሚለውን ቃል ከብርድ ልብስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። የተለጠፈውን አማርኛም ማንበብ የማይችል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲና፣ ለነርሷ ምን አልሻት?»

«አይ ቶልድ ሀር ሂ ወዝ ኮልድ» አለች ልጅቷ። «ሺ ሴድ ኪፕ ሂም ዋርም። ሶ አይ ጎት ማሚስ ሂቲንግ ፓድ። ዜን አይ ሄድ ኳየር።»

በርዶታል ብላ ለነርሷ ነግራ፣ ሙቀት አይለየው ተብላ፣ የእናቷን ማሞቂያ አድርጋላቸው ወደ መዝሙር ልምምዷ ሄዳለች። ፓቹ ከሸሚዝ ሥር ነበር፤ መኖሩን አታውቅም፤ ነርሷም ስለ ፓቹ አልሰማችም።

«ልጄ ናት ገዳይ ነው የሚሉኝ?» አለ ሚልክያስ፣ ወደ ሲና ዞሮ።

«ድንገተኛ አደጋ ብዬ ነው የምጽፈው። ግን ስለ ፓቹ እናንተ ሦስታችሁም ታውቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ አብራቸው የምትሆነው እሷ ሆና ሳለ፣ አማርኛ አትሰማም ብላችሁ አልነገራችኋትም። ያን ቀን ሲያማቸው የሰማቻቸው እሷ ብቻ ናት።» ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። «አሁን ኤጀንሲውን ኮል አድርገህ ሪፖርትህን አንሣ። እዚሁ፣ እኔ እያለሁ።»

ሚልክያስ ሙሉዬን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ ስልኩን ግን አወጣ።

«ብርድ... ምንድነው?» አለች ሲና በአማርኛ።

ሙሉዬ ተነሥታ የልጅቷን እጅ ያዘችና በገዛ ጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እዚህ ጋ ሲወጋ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሲና እጇን አላነሣችም።

«እዚህ ነው ያሳየኝ» አለች። «አባባ እዚህ ነው ያሳየኝ።»