ከጫካው የመጣው «አቤት»

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው ሰው አይፈረድበትም፤ ሊናም ራሷ ላይ ባይደርስ ኖሮ አታምነውም ነበር።

አባቷ ጋሽ ገሠሠ ዛሬም ቦንጋ ቤታቸው አሉ። ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ግን አይመልሱላችሁም። ስለዚያ ቀን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ነሐሴ 1999 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከዋጫ ወደ ቢታ ገነት በሚወስደው የጭቃ መንገድ ላይ፣ ጫካው መሃል።

ልብ በሉ... ሌሊት አልነበረም። ቀን ነው።

ሊና ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት እረፍት ወደ ቤተሰቦቿ መጥታ ነበር። የዶርም ጓደኛዋን ህይወትንም ይዛት መጥታለች። ህይወት የናዝሬት ልጅ ናት። በመጣች በሳምንቷ ጫማዋ ሁሉ ሻግቶ፣ የሊናን እናት እትዬ የሻረግን «እትዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይ መቼ ነው የምትወጣው?» ብላ ጠይቃ ቤቱን በሳቅ ገድላለች።

የህይወት እናት ስልክ ደውለው ጋሽ ገሠሠን «አንድ ልጄ ናት፣ አደራ» ብለዋቸው ነበር።

«እንደ ሊና ናት፣ አያስቡ» አሏቸው ጋሽ ገሠሠ።

የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ወጣ ነው።

በዚያው ሰሞን ቢታ ገነት ያለችው የሊና አክስት በዛወርቅ ወለደች። እትዬ የሻረግ ጉልበታቸውን እያመማቸው ስለነበር ቅቤውንና ማሩን አሰናድተው ጋሽ ገሠሠንና ሁለቱን ልጆች ላኩ፤ አራስ ሊጠይቁ። የሰፈራቸው ሰው አዲሱ ጨውና ሳሙና ጭኖ በላንድሮቨሩ ወደዚያው ሊሄድ ነበርና ከእሱ ጋር ተሳፈሩ።

እስከ ዋጫ ሲሳሳቁ ሄዱ። ህይወት ከኋላ ጨው ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር «ዋይ ወገቤ» እያለች።

ከዋጫ እንደወጡ ጉም ወረደ።

ከዚያ ጫካው መጣ።

ከዚያ መኪናው ሰጠመ...

አዲሱ ማርሽ ቀያየረ። ጎማው ዝም ብሎ ጭቃውን ይበላል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

«ውረዱ» አለ። «ቅርንጫፍ እናነጥፍለት።»

ጋሽ ገሠሠና አዲሱ ገጀራ ይዘው ከመንገዱ ዳር ቅርንጫፍ ይቆርጡ ጀመር። ህይወት ወደ ሊና ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት።

«ሽንቴ መጥቷል።»

«እዚያች ዛፍ ጀርባ። ብዙ እንዳትርቂ።»

«ፈርቼአለሁ ባክሽ። እየጠራሽኝ ቆዪ።»

ሊና ሳቀች። ህይወት የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ኮረሪማውን እየረገጠች ገባች። አምስት ስድስት እርምጃ ሄዳ ጉሙ ሸፈናት።

«ህይወት?»

«ወዬ።»

ገጀራው ቋ... ቋ... ይላል። ዝናቡ አባርቷል፤ ከቅጠል የሚንጠባጠበው ብቻ ነው የሚሰማው።

«ህይወት?»

«ወዬ፣ ቆይ መጣሁ።»

ትንሽ ቆየች።

«ህይወት?»

ዝም።

«ህይወት?»

«አቤት።»

ሊና ፈገግ አለች። ህይወት ለእሷ «ወዬ» እንጂ «አቤት» ብላ አታውቅም። አቤት የሚባለው ለትልቅ ሰው ነው።

«ደግሞ ምን አባቴ ሆኜ ነው አቤት የምትዪኝ? ነይ በቃ።»

ወደ ዛፏ እያየች ጠበቀች።

«ህይወት?»

«አቤት።»

ሊና ፈገግታዋ ጠፋ። ድምፁ የመጣው ከጀርባዋ ነው። ህይወት የገባችው በቀኝ... ድምፁ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከግራ።

መንገዱን ማንም አላቋረጠም። እሷው መሃሉ ላይ ቆማለች።

ወደ አባቷ ሮጠች። «አባዬ፣ ህይወት... ህይወት የት እንዳለች አላውቅም።»

ጋሽ ገሠሠ ገጀራውን ጥለው ቀና አሉ። «ህይወት! ልጄ!»

«አቤት ጋሼ።»

መልሱ ቃሉን ከአፋቸው እንደነጠቀ ሰው ፈጠነ። «ልጄ» ብለው ሳይጨርሱ ነው የመጣው።

«ወዴት ነሽ?»

«አቤት ጋሼ።»

«ወዴት ነሽ ነው የምልሽ!»

«አቤት ጋሼ።»

ሦስቱም አንድ ናቸው። ያው ቅላፄ፣ ያው ትንፋሽ። ካሴት መልሶ መላልሶ እንደማጫወት። እያንዳንዱ ግን ከቀደመው ራቅ ብሎ ይሰማል።

አዲሱ ቅርንጫፉን ከእጁ ጣለ። ለራሱ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አጉተመተመና ወደ ጋሽ ገሠሠ ተጠጋ።

«አይጥሩ» አለ በሹክሹክታ። «ስም አይጥሩ ጋሽ ገሠሠ።»

«ለምን?»

«ሲጠሩ እሱ ይሰማል።»

«እሱ ማን ነው?»

አዲሱ ወደ መኪናው አፈገፈገ።

ጋሽ ገሠሠ የሱሪያቸውን ጫፍ ወደ ካልሲያቸው ከተቱ። ሊና እጅጌያቸውን ያዘች።

«አባዬ አትግባ።»

«የሰው ልጅ ይዤ ወጥቼ ባዶ እጄን ልግባ? ለእናትየዋ ምን እላታለሁ?» እጇን ቀስ ብለው አላቀቁ። «ከመኪናው እንዳትርቂ።»

ገቡ። ጉሙ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ኮፍያቸውን ዋጠው።

ሊናና አዲሱ መኪናውን ተደግፈው ቆሙ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። የጋሽ ገሠሠ ጥሪ ከውስጥ ይሰማል፤ «ህይወት... ህይወት...»፤ ያም «አቤት» ይመልስላቸዋል፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን።

ቆይቶ ጥሪው ተቀየረ።

«ሊና!»

መንገዱ ጠፍቷቸዋል። መኪናው በየት በኩል እንዳለ ሊያውቁ ነው የጠሯት። ሊና ልትመልስ አፏን ከፈተች...

«አቤት አባዬ።»

እሷ አይደለችም የመለሰችው።

ከጫካው ውስጥ ነው የመጣው። የራሷ ድምፅ ነው። አባቷን ስትጠራ «ባ» ላይ የምትስበው መሳብ እንኳ አልቀረም።

«ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ገሠሠ ከሩቅ።

«እዚህ ነኝ አባዬ። ወደዚህ ና።»

«አባዬ እኔ አይደለሁም!» ሊና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «እዚህ ነኝ! መኪናው ጋ ነኝ! አባዬ!»

ጩኸቷ እንደ ጥጥ ባለ ነገር ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«መጣሁ» ሲሉ ተሰማት አባቷ። የሚያወሩት ግን ከዚያኛዋ ጋር ነው። «ባለሽበት ቁሚ። መጣሁ።»

አዲሱ ዘሎ ገባና ክላክሱን ተጫነ። ጫካው ተናወጠ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ረዘም አድርጎ ሦስተኛ...

እጁን ሲያነሳ፣ ከጉሙ ውስጥ ክላክስ ጮኸ።

አንዴ። ሁለቴ። ረዘም አድርጎ ሦስተኛ።

አዲሱ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

ሊና ከዚያ በኋላ አላሰበችም። አዲሱ «አንቺ ልጅ!» እያለ ከኋላዋ ሲጣራ ጫካው ውስጥ ነበረች። ሐረግ እግሯን ይጠልፋታል፣ እሾህ ፊቷን ይቧጭራታል። አልተጣራችም። አፏን ከድና፣ ዝም ብላ፣ በጭቃው ላይ ያለውን የአባቷን ዱካ ብቻ እያየች ሄደች።

ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ደረሰች።

ሥሩ መሃል ሰው ተኮራምቷል።

ህይወት ናት። በሁለት እጇ አፏን አፍና ይዛለች። ጥፍሯ ጉንጯ ውስጥ ገብቶ ደምቷል። ዓይኗ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ሊና ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። ህይወት ከንፈሯን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ሁለቴ ብቻ ነው የመለስኩልሽ» አለች በትንፋሽ። «ከዚያ በኋላ ያለው እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ አጠገቤ ቆሞ ነበር የሚመልስልሽ።»

«ማን?»

ራሷን ነቀነቀች። አታውቅም።

«አባዬንስ? አይተሽዋል?»

«በዚህ አለፉ» አለች ህይወት። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሁለት ጊዜ አለፉ።»

«ተመልሶ ማለት ነው። መንገድ አግኝቷል።»

«አልተመለሱም።» ህይወት በአገጯ አመለከተቻት። «ሁለቱንም ጊዜ ወደ ውስጥ ነው ያለፉት።»

ሊና ወደ ጫካው ጥልቀት ተመለከተች። አባቷ እዚያ ናቸው። ጠርታ ልታስቆማቸው አትችልም፤ ስማቸውን ከጠራች ሌላ ነገር «ወዬ» ይላታል። ትታቸው ልትሄድም አትችልም። ህይወት ደግሞ እጇን ለቅቃ አትቆምም፤ እግሯ አልሸከማት ብሏል። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ አቅም ያጣችበት ጊዜ የለም። አለቀሰች። ስታለቅስም ድምፅ እንዳይሰማ ክንዷን ነከሰች።

ከዚያ ከመንገዱ በኩል የላንድሮቨሩ ሞተር ጮኸ። እውነተኛው ነው፤ የጭስ ማውጫው መንተፋተፍ ይታወቃል። ህይወትን እየጎተተች ወደዚያ ወጣች።

መኪናው ከጭቃው ወጥቶ ደረቅ ቦታ ላይ ቆሟል።

አጠገቡ ጋሽ ገሠሠ ቆመዋል።

ሊና ሮጣ ደረታቸው ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ... አባዬ...» ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣላትም። ሙቀት አላቸው። ልባቸው ሲመታ ተሰማት።

«እንሂድ» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

ይኸው ነው ያሉት። ስለ ህይወት አልጠየቁም። ጉንጯ ላይ ያለውን ደም እያዩ «ምን ሆንሽ» አላሉም። ዞረው ከፊት ገብተው ተቀመጡ።

ሊና ወደ አዲሱ ጠጋ አለች። «እንዴት አወጣችሁት?»

«አባትሽ ገፉልኝ» አለ አዲሱ። ዓይኗን አላያትም።

«ብቻውን?»

«ብቻቸውን። በአንድ እጃቸው።»

ሁለቱ ልጆች ከኋላ ጨው ማዳበሪያው ላይ ተቀመጡ። አዲሱ በሩን ከውጭ ቀርቅሮ ዞሮ ገባና ተንቀሳቀሰ።

ሊና በኋላው በር መስታወት በኩል ታያለች። መንገዱ፣ የጎማው ዱካ፣ ጉሙ...

ከጉሙ ውስጥ ሰው ወጣ።

እየሮጠ ነው። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ኮፍያ የለውም፣ ሸሚዙ ተተልትሏል። ይወድቃል፣ በእጁ ተደግፎ ይነሳል፣ ደግሞ ይሮጣል።

ጋሽ ገሠሠ ናቸው።

ሊና ወደ ፊት ዞረች። ጋሽ ገሠሠ ከአዲሱ ጎን ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል።

«አዲሱ አቁም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «አቁም... አባቴ ነው...»

አዲሱ በጎን መስታወቱ አየ። ማየቱን ሊና አይታዋለች፤ ፊቱ አመድ ሲመስል አይታለች። ማርሽ ጨምሮ ነዳጅ ረገጠ።

«አዲሱ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ አቁም!»

«አልችልም» አለ አዲሱ እንባው እየወረደ። «የቱ እንደሆኑ በምን አውቄ? በምን አውቄ ነው የማቆመው?»

ሊና በሩን በእግሯ መታችው። ህይወት ወገቧን አቅፋ ወደ ኋላ ጎተተቻት። «እንዳትወርጂ... እንዳትወርጂ... እንዳትወርጂ...»

ከፊት የተቀመጡት ሰውዬ አልዞሩም።

ከኋላ የሚሮጡት አፋቸውን ከፈቱ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገታትሮ ይታያል፤ እየጮኹ ነው። ከአፋቸው ግን ምንም አይወጣም። ድምፅ የላቸውም።

መኪናው ፈጠነ።

ሰውዬው ጥቂት ሮጡና እርምጃቸው ከበዳቸው። መንገዱ መሃል ቆሙ። ትንፋሻቸው ትከሻቸውን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። እንደማይደርሱበት ገብቷቸዋል።

ሊና ሁለት መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታያቸዋለች።

ያኔ ቀና አሉ። ዓይኗን አዩ። የተበጣጠሰ እጅጌያቸውን ወደ ላይ አነሱና፣ መናኸሪያ ላይ ልጁን እንደሚሸኝ አባት፣ ጉሙ መልሶ እስኪወስዳቸው ድረስ ቀስ አድርገው አውለበለቡላት።