መብራትህ በርቷል

ሰዓቱ ስድስት ነው። የሌሊቱ እንዳይመስላችሁ፤ የቀኑ ነው። ቀትር። ጥላ ከእግር ሥር የሚገባበት፣ ውሻ እንኳ ለመጮኽ የሚሰንፍበት ሰዓት። በሌሊት የሚወጡት መናፍስት ጀማሪዎች ናቸው፤ ያገኙትን ያስደነግጣሉ። በቀትር የሚወጣው ግን ማንን እንደሚፈልግ አውቆ ነው የሚወጣው።

መንገዱስ? መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ግራው ግራር፣ ቀኙ ግራር። ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ ትንሽ ከተማ ይሄዳል። የከተሞቹን ስም አልነግራችሁም፤ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ከመካከላችሁ ቢኖር ነገ ይጣላኛል።

ቀረብ በሉ። አንቺም፣ ሻንጣሽ ላይ የተቀመጥሽው፣ ቀረብ በዪ። አውቶቡሱ እንደሆነ እስኪነጋ አይነሳም። ሠላሳ ዓመት ነድቼዋለሁ፣ አመሉን አውቀዋለሁ። ስልካችሁንም አጥፉት፤ ባትሪው ነገ በእኔ ላይ ለማማረር ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ በዚያ መንገድ አንድ ሰው በየቀኑ ይመላለስ ነበር። ዘውገ ይባላል። መድኃኒት ቤት ነበረው። ጠዋት በአንደኛዋ ከተማ መድኃኒት ይሸጣል፣ ቀትር ላይ ለምሳ ወደ ሁለተኛዋ ከተማ፣ ወደ ሚስቱ ወደ ትርንጎ ይሄዳል። በእግሩ? በእግሩ ቢሆንማ ዛሬ ምን አወራላችሁ ነበር። በመኪና ነው።

ምን መኪና ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ስሟን አልጠራም። መንፈስ ስሙ ሲጠራ ይመጣል ይባላል። የዚያች መኪና ስም ሲጠራ ደግሞ ባለቤቷ ይመጣና ስለ እሷ ሁለት ሰዓት ያወራል። የትኛው እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

ታሪኳን ግን ልንገራችሁ። ዘውገ ለእኔ መቶ ጊዜ ነግሮኛል፤ እናንተ አንዴ ብትሰሙ አትሞቱም። የመጣችው ከሩቅ ሰሜን ነው፣ በረዶ ከሚበዛበት፣ ክረምቱ ጨለማ ከሆነበት አገር። ሠሪዎቿ ገና ሲጀምሩ፣ መኪና የሚነዳው ሰው ነው፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰው እንዳይሞት አሉ። ጥሩ ብለዋል። ኋላም ለተዋጊ አውሮፕላን ወንበር ይሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ አመጡ። ያ ወንበር አደጋ ሲመጣ አብራሪውን ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥር ነው። ሰውየው ሰው ማስፈንጠር ሰለቸው መሰለኝ፣ ሰው ማሰር ጀመረ። ከትከሻ እስከ ወገብ የሚያስረውን ቀበቶ ሠራ። ፋብሪካውም ይሄ ነገር የእኔ ብቻ አይሁን ብሎ ለሌላው ሁሉ ለቀቀው። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ደግ ሥራ ነው። እኔም በዚያ ቀበቶ አንድ ጊዜ ከሞት ተርፌአለሁ።

ዘውገ መኪናዋን የገዛት አገር ለቆ ከሚሄድ የውጭ አገር ባለሙያ ነው። በሯ ሲዘጋ ጎረቤት ይሰማል። የፊት መብራቷ የራሱ የዝናብ መጥረጊያ አለው፤ በዓመት ሦስት ቀን ለሚዘንብበት አገር። ወንበሯ ደግሞ ይሞቃል። እዚያ ቆላ ውስጥ ወንበር ማሞቅ ታዩታላችሁ? አንዲት ዕቃ ከተሰበረች ከውጭ እስክትመጣ ሁለት ወር ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ዘውገ በሰው መኪና እየተሳፈረ ስለ እሷ ደህንነት ያስተምራል። እውነቱን ነው፤ የቆመች መኪና ማንን ትጎዳለች?

ስትነሳ ደግሞ ቀበቶ ሳታስሩ አትንቀሳቀስም። እሷ ሳትሆን እሱ ነው የማይንቀሳቀሰው። አንዴ ቄሱን ከመስቀላቸው ጋር አስሮ፣ መስቀሉ እንዳይወጋቸው ብሎ እንደገና ፈትቶ አስሯቸዋል። ከኋላ ሣጥን ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ አለ፤ ፋሻው፣ ቁስል ማጠቢያው፣ ሁሉም ገና ከነላስቲኩ። ትርንጎ በዚህ ሁሉ ትኮራበት ነበር። እንደ እሱ ለሰው የሚጠነቀቅ አላየሁም ትላለች። አላሾፈችም፤ እውነት መስሏት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። መኪናዋ አንድ ጠባይ ነበራት። ሞተሯ ሲነሳ የፊት መብራቷ አብሮ ይበራል። ቀን ነው፣ ማታ ነው አይልም፤ ይበራል። አገሯ ጨለማ ስለሆነ ከሩቅ እንድትታይ ነው። በኛ አገርስ? በኛ አገር በቀን መብራት ያበራ ሰው ረስቶ ነው። የረሳ ሰው ሲገኝ ደግሞ ምን እናደርገዋለን? እንነግረዋለን እንጂ። እጃችንን አንስተን ጣታችንን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እናደርጋለን። መብራትህ በርቷል፣ ባትሪህ እንዳያልቅብህ ማለት ነው። የማናውቀውን ሰው እንኳ ሳንነግር አናሳልፍም።

ዘውገንም ሁሉም ይነግረዋል። የጭነት መኪና ሹፌሩ ከፈት ዘጋ። ጋሪ ነጂው ከፈት ዘጋ። ትራፊክ ፖሊሱ ከፈት ዘጋ። አንድ ቀን የሰርግ መኪና ውስጥ ያለች ሙሽራ ከነጓንቷ ከፈት ዘጋ አደረገችለት። አገሩ ሁሉ ደግ ሆነበትና ተማረረ።

“ሽቦዋን ልቁረጥልህና ተገላገል” አለው መካኒኩ ከድር።

“አንተ ከሠሪዎቹ ትበልጣለህ?”

“አልበልጥም። እነሱ ግን በዚህ መንገድ ነድተው አያውቁም።”

“ለደህንነት የተሠራ ነገር አይነካም።”

አልተነካም።

አንድ ቀን እንግዲህ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ አቶ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ለብቻቸው ይሄዱ ነበር። ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ነው። ከሩቅ መብራት አዩ። ምስኪን፣ ረስቶት ነው አሉ። እርግጥ ሲሉ አልሰማሁም፤ ግን እንደዚያ የሚሉ ሰው ነበሩ። ጃንጥላውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ወደ አስፋልቱ ጠጋ አሉ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ከፈት፣ ዘጋ። ከፈት፣ ዘጋ።

ለዘውገ በዚያን ቀን አሥራ ሰባተኛው ሰው ናቸው። ቆጥሯል። ደሙ ፈላ። “አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” እያለ እሱም በንዴት ከፈት ዘጋ አደረገላቸው። በአንድ እጁ መሰላችሁ? በሁለት እጁ ነው። ታዲያ መሪውን ማን ያዘው?

ድም አለ።

ዘውገ አቆመ፣ ወረደ። ወርዶ ምን አየ? መኪናዋን አየ። ጎንበስ ብሎ መከላከያዋን ዳሰሰ። ጭረት የላትም። መብራቷ አልተሰበረም፤ እንዲያውም በርቷል። ሠሪዎቿን በልቡ አመሰገነ። ያኔ ከመንገዱ በታች፣ ከቦዩ ውስጥ፣ “ልጄ” የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘውገ ሰምቷል? ሰምቷል። “ልጄ፣ ጤና ጣቢያ አድርሰኝ” ሲሉም ሰምቷል።

ጤና ጣቢያው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ፋሻው ከኋላ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰውየው መድኃኒት ሻጭ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሟላለት? እሱ ግን ያሰበው ትርንጎን ነው። እንደ እሱ ለሰው የሚጠነቀቅ አላየሁም የምትለዋን ትርንጎን። ተመልሶ ገባ። ቀበቶውን አሰረ። አዎ፣ ቀበቶውንማ አሰረ። ከዚያ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ደረሰ።

ሽማግሌውን ማምሻውን ሣር ተሸክመው የሚመለሱ ሴቶች አገኟቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሞተዋል፤ ገላቸው ግን ገና ትኩስ ነበር። ከቦዩ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ በክንዳቸው እየተሳቡ መጥተዋል። ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ስንት ሰዓት ነው? ቁጠሩት እስቲ።

ፖሊስ ቦኔቱ የተጨራመተ፣ መብራቱ የተሰበረ መኪና ፈለገ። የዘውገ መኪና ምን አላት? ምንም። ለቅሶውም ላይ ተገኝቶ፣ ድንኳን ውስጥ ተነስቶ፣ ስለ መንገድ ደህንነት ንግግር አደረገ። እግረኛ ዳር ዳሩን ይያዝ አለ። ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች ታዳምጠው ነበር።

በማግስቱ ወደ ከድር ሄደ።

“ሽቦዋን ቁረጣት።”

“ለደህንነት አልነበረም እንዴ?”

“ቁረጣት አልኩህ።”

ከድር አየው። ቆረጣት። ምንም አልጠየቀም። ያን ቀን አለመጠየቁ እስኪሞት ድረስ ይቆጨው ነበር፤ ለእኔም የነገረኝ እያለቀሰ ነው።

ከዚያስ? ከዚያ ዘውገ በቀትር ወደ ምሳው ሲሄድ፣ መብራቷ የጠፋ መኪና ይዞ ሲሄድ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ እጁን አወጣ። ከፈት፣ ዘጋ። ዘውገ ቆመ፣ ወርዶ አየ። ጠፍቷል። ተነሳ። ጋሪ ነጂው፣ ከፈት ዘጋ። እንደገና ወረደ። ጠፍቷል። በእጁ ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ቆላ፣ የመኪና መብራት ይቀዘቅዛል?

በሁለተኛው ቀን፣ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ሰማ። ጠቅ። ቀበቶ ሲታሰር የሚሰማው ድምፅ ነው። ዞረ። ማንም የለም። ቀበቶው ግን ታስሯል።

“የሽቦ ችግር ነው” አለ ዘውገ።

በሦስተኛው ቀን ቀበቶው መታሰር ብቻ አይደለም፣ ከፊቱ ወጠር ብሎ፣ ከኋላው ባዶ ሆኖ፣ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ምን ይመስላችኋል? ትንፋሽ ነው። ዘውገ ምን አደረገ? ወደ ውጭ ጽፎ አዲስ ቀበቶ አዘዘ። ሁለት ወር ይፈጃል ተባለ።

በአራተኛው ቀን በመስተዋቱ አያቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋል። ቀበቷቸውን በደንብ አስረዋል። ዘውገ በዕድሜው እንደዚያ ያለ ሥርዓት ያለው ተሳፋሪ ጭኖ አያውቅም። ሽማግሌው በመስተዋቱ ውስጥ አዩትና በለሆሳስ ጠየቁት።

“ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ገና ነው?”

ከዚያ ወዲህ ዘውገ ለምሳ መሄድ ተወ። ትርንጎ አንድ ቀን ጠበቀች፣ ሁለት ቀን ጠበቀች፣ ሳምንት ጠበቀች። በመጨረሻ ምሳውን በሳህን ቋጥራ በአውቶቡስ መጣች። ከበላ በኋላ፣ “በል፣ አሁን ወደ ቤት አድርሰኝ” አለችው። ሰዓቱን አየ። ስድስት ሊሆን ነው። ቆየት እንበል አላት። ሥራ አለኝ አላት። ሞተሯ ታማለች አላት።

“ያቺ መኪና? ያቺ ታማ አታውቅም እያልክ አይደል የምታደነቁረን?” አለች ትርንጎ፣ እየሳቀች ገባች። ቀበቶዋን ራሷ አሰረች።

ሄዱ። ዘውገ አንድ ነገር ብቻ ይለምን ነበር፤ እሷ እንዳትሰማ። እስር አልፈራም፣ መንፈሱንም ለምዶታል። እሷ እንዳታውቅ ብቻ ነው የፈራው። ያቺ ቦታ ደረሱ።

ጠቅ።

ትርንጎ ዞረች።

“ውይ አባቴ፣ አላየሁዎትም ነበር። የት ነው የተሳፈሩት?”

“እዚሁ ጋ ነው ልጄ።”

“ወዴት ነው የሚሄዱት?”

“ጤና ጣቢያ። ልጁ እያደረሰኝ ነው።”

“ምን ሆነው ነው?”

“መኪና ገጭቶኝ።”

“በስመአብ። መቼ?”

“አሁን፣ ቅድም።”

“ማን ነው የገጨዎት?”

ሽማግሌው ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ፣ “ተይው ልጄ” አሉ። “ሳያስበው ነው። ይኸው መልሶ ጭኖኝ የለ? እግዜር ይስጠው።”

ትርንጎ ወደ ባሏ ዞረች። ዘውገ ፊቱን ከመንገዱ አላነሳም። ማንን ነው የምታናግሪው አላላትም። አየሽ፣ ማንም የለም አላላትም። እሷም ያወቀችው በዚህ ነው።

“አቁም” አለችው።

“ትርንጎዬ፣ የሽቦ ችግር ነው። ዕቃው ከውጭ እየመጣ ነው።”

“አቁም።”

አቆመ። ወረደች። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እንዲህ አለችው፦ “እሳቸውን ጤና ጣቢያ አድርሳቸው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ግባ። ከዚያ በኋላ እቤት ና፤ ስንት ዓመትም ቢሆን እጠብቅሃለሁ።” ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና በዚያ ፀሐይ መንገዷን ቀጠለች።

ዘውገ በመኪናዋ ቀስ እያለ ተከተላት።

“ግቢ እባክሽ። ይሄ መንገድ ለእግረኛ አደገኛ ነው።”

“እሱን አሁን ነገሩኝ” አለች። ዞራም አላየችው።

እዚያ ላይ ነው ከኋላ ቀበቶው ሲፈታ የሰማው። ጠቅ። መስተዋቱን አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሄደዋል። ዘውገ ስንት ቀን አምቆት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ። ተመስገን አለ። ፊት ለፊቱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ግራ ጤና ጣቢያውና ፖሊስ ጣቢያው፣ ቀጥታ ደግሞ ከተማቸውን አልፎ ማንም እሱን ወደማያውቅበት አገር። አሁን ማንን ያደርሳል? የሚደርስ ሰው የለም። መሪውን ቀጥታ ያዘ።

ያኔ ከጎኑ፣ ትርንጎ ከለቀቀችው ወንበር ላይ፣ ቀበቶው ቀስ ብሎ ተሳበ። ረዘመ። ረዘመ።

ጠቅ።

“ልጄ” አሉት ሽማግሌው በጆሮው ሥር፣ “እኔ እንኳ አልቸኩልም።”

ዘውገ ወደ ግራ አልታጠፈም። ትርንጎ ከመንገዱ ዳር ቆማ አየችው፤ ቀጥ ብሎ አለፈ፣ ከዚያም ወዲህ እቤቱ አልገባም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲያልቅ ለብቻችሁ አትሂዱ ብሎ ማስጠንቀቅ ደንብ ነው። እኔ አልልም። ዘውገ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን ለብቻው ሄዶ አያውቅም።