የላይኛው መደርደሪያ ንግሥት

መምህር ደምለው ሞተው የተገኙት በገዛ ቤታቸው፣ በጉንዳኖቻቸው መካከል ነው። ብቸና ውስጥ ጉንዳን በመስታወት ሣጥን የሚያኖር ሌላ ሰው አልነበረምና ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ከቤት ወጣ። «የራሳቸው ጉንዳኖች በሏቸው» ያለም አልጠፋ። ኢንስፔክተር ወይንእሸት ወሬ ሲበዛ ራሷን የሚፈልጣት ሴት ናት፤ ሰዉን ሁሉ አስወጥታ በሩን ዘጋች።

ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር በጎናቸው ወድቀዋል። ሬሳው ሲነሳ ከሥሩ የደቀቀ መስታወትና ጥቂት አፈር ወጣ፤ ሲወድቁ አንዱን የጉንዳን ሣጥን ይዘው ወድቀው ተኝተውበታል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነሳ የማር ጠርሙስ አለ። ጠጋ ስትል የፀረ ተባይ ሽታ አፍንጫዋን ወጋት። ጓዳው ውስጥ የሰነባበተ ዕቃ ሳይታጠብ ተከምሯል፤ ሁለት የአረቄ መለኪያዎች ብቻ ታጥበው ተደፍተዋል።

ማሩን ያመጣችው ሲሃም ነበረች፤ የሞጣ ነጋዴ ልጅ፣ የመምህሩ የድሮ ተማሪ፣ እሷም እንደሳቸው ጉንዳን የምታኖር። ቅዳሜ ቀን ማሩን ሰጥታ ወደ ሞጣ ተመለሰች። እሑድ ጠዋት በግቢው የሚኖረው የሟቹ የወንድም ልጅ ከፋለ ሬሳውን አገኘ። ሲሃምን ከሞጣ አምጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ለማስገባት ከዚህ በላይ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

እናቷ ዑሙሰልማ ከጣቢያው በር አልነሳም ብለዋል፤ ወይንእሸት ስትወጣ ያዟት።

«ልጄ፣ ሲሃም ጉንዳን ላለመርገጥ መንገድ የምትቀይር ናት። ሰው ትገድላለች ብለሽ ታምኛለሽ?»

«የኔ ማመን ምን ዋጋ አለው እናቴ? የምፈራው ፍርድ ቤት የሚያምነውን ነው።»

እውነቷን ነበር። ማሩ መርዝ አለበት፣ ማን እንዳመጣውም ይታወቃል። ነገሩ በዚሁ ከሄደ ልጅቷ ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች። ወይንእሸት ይህ እንቅልፍ ነሳት።

«ማሩን ሲቀምሱ አይተሻል?» ስትል ሲሃምን ጠየቀቻት።

«ጋሼ መጀመሪያ አይቀምሱም» አለች ሲሃም እንባዋን እየጠረገች። «አዲስ ማር ሲገባ የመጀመሪያዋ ጠብታ የጉንዳኖቹ ናት። ከጠርሙሱ በስንጥር ቀድተው ሳህናቸው ላይ አደረጉላቸው። ከዚያ ነው ጣታቸውን የላሱት፤ ጠርሙሱን ከድነውም ሊሸኙኝ አብረን ወጣን። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ትልቋን የጉንዳን ንግሥት ለኔ ሊሰጡኝ ቃል ገብተው ነበር።»

ከፋለ ሲናገር ማጅራቱን እየደጋገመ ያብሳል።

«እኔ እዚያ ክፍል ከገባሁ ሰውነቴን ይበላኛል። ቅዳሜ ልጅቷን መናኸሪያ ድረስ ሸኝተው በደህናቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። አምሽቼ ስገባ መብራታቸው በርቶ ነበር። ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት፤ ሬሳውን ሳይ ጮኼ ወጣሁ። ምንም አልነካሁም።»

ሦስተኛ የተጠየቁት መምህር አስናቀው ናቸው፤ የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ወይንእሸትን ታሪክ ያስተማሯት እሳቸው ስለነበሩ ፊታቸው መቀመጥ አሳፈራት።

«ካለፈው ወር ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም፤ ተቀያይመን ነበር» አሏት።

«በምን?»

«በሽማግሌ ነገር። ተይው።»

ልትወጣ ስትል ጠሯት። «ወይንእሸት፣ እነዚያን ፍጥረቶች ማን ያያቸዋል? ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለችው ንግሥት ውሃዋ እንዳይደርቅ። ከፈቀድሽ እኔ እወስዳታለሁ።»

«አያለሁ» ብላ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። ሲሃምን ከጣቢያ አስመጥታ ወደ ሟቹ ክፍል ይዛት ገባች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ የመስታወት ቱቦ ብቻ አለ።

«ቀይ ብርሃን አያዩም፤ ለነሱ ጨለማ ነው» አለች ሲሃም ወረቀቱን ቀስ ብላ እየገለጠች። ከውስጥ ውሃ፣ ውሃውን የያዘ እርጥብ ነጭ ጥጥ፣ ከጥጡ ሥር ደግሞ ወፍራም ንግሥት ሠራተኞቿን ሰብስባ ተቀምጣለች። የልጅቷ ፊት ተለወጠ። «ይህች ትልቋ ናት! እዚህ ምን ትሠራለች? ቤቷ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሣጥን ነው። ቅዳሜ ስሄድ እዚያው ትቻታለሁ።»

በማግስቱ ወይንእሸት ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዑሙሰልማ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ከማሩ እንጀምር» አለች። ከጎኗ ያለውን የመስታወት ሣጥን አሳየቻቸው፤ ትንሿ ሳህን ላይ የማር ቅሪት አለ፣ ጉንዳኖቹም ሆዳቸው ተነፍቶ ይርመሰመሳሉ። «ይህ ከዚያው ጠርሙስ የተቀዳ ማር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው ደግሞ የተባይ መርዝ። መርዙ ከመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ከእነዚህ አንዳቸውም ባልተረፉ። ስለዚህ መምህር ደምለው የቀመሱት ማር ንጹሕ ነበር። መርዙ የተጨመረው ኋላ ነው፣ ሲሃም ከሄደች በኋላ።»

ዑሙሰልማ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ታዲያ አጎቴን ምን ገደላቸው?» አለ ከፋለ።

«መርዝ የገባበት አረቄ። ዕቃው ሁሉ ሳይታጠብ ሁለት መለኪያዎች ብቻ ታጥበዋል። ቅዳሜ ማታ አብሯቸው የጠጣ እንግዳ ነበር። ያ እንግዳ ማን ነው? መምህሩ ሲወድቁ የትልቋን ንግሥት ሣጥን ሰበሩት፤ ስብርባሪው ከሥራቸው ወጥቷል። ንግሥቲቱ ግን በአዲስ ቱቦ፣ በእርጥብ ጥጥ፣ በቀይ ወረቀት ተጠቅልላ ተገኘች። ሟቹ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ወለል ላይ ተንበርክኮ ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ ለቅሟል። ከፋለ ይህን አያደርገውም፤ አሁን እንኳ ቆዳው እየተሸማቀቀ ነው።»

ከፋለ እጁን ከማጅራቱ ላይ አወረደ።

«ገዳዩ ከመረዘው ጠርሙስ ቀድቶ ሳህኑ ላይ ጠብ ቢያደርግ ኖሮ ሲሃም አልቆላት ነበር። ጉንዳኖቹን ለመግደል ግን እጁ እንቢ አለው።» ወደ አስናቀው ዞረች። «መምህር፣ ከወር ወዲህ እዚህ አልገባሁም ብለውኛል። ንግሥቲቱ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የወጣችው ቅዳሜ ማታ ነው። እዚያ መሆኗን ማን ነገረዎት?»

አስናቀው አልካዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ንግሥቲቱን ያገኘቻት ሊድያ ናት» አሉ። «ልጄ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ክንፏን ጥላ ስትሄድ ከደጃችን አንስታ በክብሪት ቀፎ አመጣችልኝ። ሊድያ ስትሞትብኝ ላያት አልቻልኩም፤ ያዝልኝ ብዬ ለደምለው ሰጠሁት። ይህን ሁሉ ዘመን ኖረችለት። ዘንድሮ መልስልኝ አልኩት። ‹አንተ ትገድላታለህ፣ ለሲሃም ሰጥቻታለሁ› አለኝ። ከልጄ የቀረችኝ ነገር እሷ ብቻ ናት። አረቄ ይዤ ለእርቅ መጣሁ አልኩት። የሲሃምን ማር ጠረጴዛው ላይ ሳይ ደግሞ ሰይጣን ሁለተኛውን መንገድ አሳየኝ፤ ከአረቄው የተረፈውን መርዝ ጨመርኩበት።»

«ጋሼ» አለች ሲሃም ወደ አስናቀው ዞራ። «ለኔ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ በእጄ አመጣልዎት ነበር።»

ሰውየው ያን ጊዜ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ቆይተውም ቀና ብለው «ውሃው ሲደፈርስ ጥጡን ለውጪላት» አሏት።

ወይንእሸት እስከዚያ ድረስ አዝናላቸው ነበር። አሁን ግን ተናደደች።

«መምህር፣ እርስዎ ጉንዳን ሲለቅሙ ጋሼ ደምለው ገና ይተነፍሱ ነበር?»

አስናቀው ዓይናቸውን ወደ ቱቦው መለሱ።

«ጠየቅኩዎት እኮ።»

«ውሃ... ውሃ ሲል ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ለመሰማት አስቸገረ። «እኔ ግን ውሃውን በንግሥቲቱ ቱቦ ሞላሁት።»

ወይንእሸት ካቴናውን ራሷ አሰረችላቸው፤ ታሪክ ያስተማሯትን ሰው ዓይን ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም። ሲሃም እያለቀሰች ቀዩን ወረቀት በቱቦው ላይ መልሳ ጠቀለለችና እናቷን ተከትላ ወጣች።