ለልጅ የተቀመጠች ጆሮ

ሐምሌ ሰባት ቀን ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ የእንጅባራ ሰማይ ከማለዳ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ዕለቱ ዓመታዊው የሥላሴ በዓል ነው፤ ደግሞም ኢትዮጵያና ኤርትራ ከሃያ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ታርቀው፣ ከአስመራ ታላቅ እንግዳ አዲስ አበባ ይገባል የተባለበት ቀን ነው።

በዚያ ጧት ሃምሳ አለቃ ሀብቱ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ ይሄይስ ቤት ማዳመጫቸውን ሊያሠሩ መጡ። እኒህ ሰው በቀድሞው ጦር የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆነው አስመራ ኖረዋል፤ ግራ ጆሯቸውን መድፍ አደንቁሮታል፤ በግንቦት ሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተንም ሚስታቸውንና የሰባት ዓመት ልጃቸውን አኽበረትን እዚያው ትተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዛፍ ላይ ሽቦ ወጥረው፣ ማዳመጫ በጆሯቸው አድርገው፣ የአስመራን ጣቢያ ሲያዳምጡ ኖሩ።

ክረምት በገባ ቁጥር መብረቁ በሬዲዮው ውስጥ እየጮኸ የቀረችውን ቀኝ ጆሯቸውን ይመታታል። ይሄይስ የዚህን መላ ያውቃል፤ ዳዮድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ፊትና ኋላ አዙሮ በማዳመጫው ሽቦ ላይ መበየድ ነው፤ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን እነሱ ይውጡታል። የሩብ ሰዓት ሥራ ናት። ነገር ግን በዚያ አገር በበዓል የሠራ እጅ በረዶ ይጠራል ይባላል፤ ማሳ በተመታ ጊዜም ጎረቤት «ማን ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰኞ ጨርሼ ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ» አለ።

«ይቺን አንድ ጆሮ ለልጄ ነው ያኖርኋት» አሉት። «የአስመራ ስልክ መስመር ሰሞኑን ተከፍቷል፤ የሚስቴን ቤት ብደውል ብደውል ተይዟል ይለኛል። አንድ ቀን ያነሣሉ።»

ይሄይስም እስከ ሰኞ ሬዲዮውን ሳያዳምጡ እንዲቆዩ መከራቸው። እሳቸው ቃል አልሰጡም፤ እሱም አላጠበቀም፤ የሥላሴ ማኅበሩ ጠላ ይጠብቀው ነበርና።

ከቀትር በኋላ ጣቢያው ደከመ፤ ሃምሳ አለቃም ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። ያን ጊዜ በዘንገና ሐይቅ በኩል መብረቅ ወረደ። ጎረቤታቸው እመቤት ደንግጣ ስትገባ ማዳመጫውን ጥለው ቆመዋል፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ አዩ። በረዶውም አልቀረም፤ ማንም ሳይሠራ የድንቹን ማሳ አንጥፎት ሄደ።

ሰኞ ይሄይስ ዳዮዶቹን በትርፍ የማዳመጫ ሽቦ ላይ በየደ፤ ሞከረው፤ እንከን አልነበረውም። ይዞ ሲገባ እመቤት የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሃምሳ አለቃ ግን ስልካቸውን ዘረጉለት፤ ይሄይስም አስመራ ደወለላቸው፤ ስልኩ ተነሣ። አኽበረት ነበረች። ይሄይስ በምልክት አስረድቷቸው ስልኩን በቀኝ ጆሯቸው ላይ አኖረላቸው።

«አኽበረት» አሉ፤ ከዚያም እንደሚሰማ ሰው ፋታ ሰጡ።

ስልኩ ድምፁን ወደ ውጭ ይረጫልና ይሄይስ ሰማው። «አባዬ፣ እማዬ የለችም፤ ካረፈች ሦስት ዓመቷ» ትላለች፤ ድምፅዋ በእንባ ይቆራረጣል።

ሃምሳ አለቃ ፊታቸው በራ። «ሰማሁሽ ልጄ፤ ተመስገን! እናትሽን ሰላም በያት» አሉ።



በዚያ ሳምንት መስመሩ እንደ ተከፈተ፣ ወገን ከወገኑ እንደ ተነጋገረ ተጽፏል፤ እውነትም ነው። የሃምሳ አለቃ ሀብቱን ጆሮ የጻፈ ግን የለም። ይሄይስ ዛሬም ሥላሴን ያከብራል፤ ጸጸቱ ግን አልለቀቀውም። «ያን ቀን የፈራሁት ሥላሴን አልነበረም፤ ጎረቤትን ነው» ይላል፤ ሳይፈለጉ የቀሩት ሁለቱ ዳዮዶችም ከነሽቧቸው በመሳቢያው ውስጥ እንዳሉ ናቸው።