ለአንድ ሰው ብቻ የታየ ሰማይ

«ጣዝማ» የተባለችው የጠፈር መርከብ በዚያ ሳምንት ሰማይ አልነበራትም። በፕሮግራም የተሠራው አሮጌው ሰማይ ተነሥቶ ስለነበር ሰዉ በጥቁር ጣሪያ ሥር ይገበያያል፣ ይጫወታል። የመርከቧ ፕሮግራም ሠሪ መኳንንት አዲሱን ለእህቱ ሠርግ ለማድረስ ከምንጩ፣ ማለትም ከተጻፈበት ኮድ፣ ራሱ እያጠናቀረ ሲጭን ሰነበተ። በመርከቧ ወግ ሙሽሮች ያለ ሰማይ አይመረቁም።

በሠርጉ ዕለት ሰማዩን ሥራ አስጀመረው። በብሌኑ፣ ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ በሚያደርገው ስስ መስታወት፣ አሻቅቦ አየ። ሐምራዊ ደመና እንደ ተባዘተ ጥጥ ተዘርግቶ ከዋክብት ቀስ እያሉ እንደ ጤዛ ይወጡበታል።

«እሰይ! ያምራል!» አሉ እድምተኞቹ።

«እጅህ ይባረክ» አሉት ጋሽ ዘርጋው፣ ከእሱ በፊት የመርከቧ ፕሮግራም ሠሪ የነበሩት ሽማግሌ። ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽም እልል አሉ።

ሙሽራዋ ስንዱ ግን ዓይነ ርግቧን ገልጣ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ምኑ?»

«ሰማዩ ነዋ! በጨለማ ልትድረኝ ነው?»

መኳንንት ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ወደ ሙሽራው ሚዜ ዞረ። ሚዜው አንገቱን ደፋ። «ለፍተህበታል ብዬ ነው እንጂ… ለእኔም አልታየኝም።»

መኳንንት ሮጦ መቆጣጠሪያው ፊት ተቀመጠ። ፋይሎቹ አንድም አልጎደሉም። ማየት፣ መለወጥ፣ መግባት፤ ሦስቱም ፈቃዶች ለእሱ ተሰጥተዋል። ለሌላው ሰው ግን ሦስቱም ዝግ ናቸው። እሱ አልዘጋቸውም። የዘጋቸው ጭንብሉ ነው፦ አዲስ የሚጫነው ሁሉ፣ ጫኙ ካልከፈተው በቀር፣ ለሌሎች ተዘግቶ እንዲወለድ የሚያደርግ የጥንት ደንብ። የመርከቧ መሥራቾች አንድ ሰው የአየር ማጣሪያውን እንዳይነካካባቸው ፈርተው ያኖሩት ነው። መኳንንት አልፈረደባቸውም። መለወጥን ለራሱ አስቀርቶ፣ ማየትንና መግባትን ለሁሉም ከፈተ።

የአንዱ ብርጭቆ በእጁ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። አሁን ማንም «ያምራል» አላለም። ስንዱ አሻቅባ እያየች አለቀሰች።

ምርቃቱ እንዳለቀ ጋሽ ዘርጋው ከእትዬ አልጋነሽ ጋር ወደ መቆጣጠሪያው መጡ።

«ልጄ፣ እኔም የጫንኩት አለ። አልጋነሽን ባገባኋት ሰሞን፣ በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ወንዝ። እስቲ እየው።»

መኳንንት የወንዙን ፈቃድ አየ። ከጋሽ ዘርጋው በቀር ለሁሉም ዝግ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ! በየማታው ‹ውሃው ዛሬ ደስ ይላል› ትይኝ አልነበር?»

«አንተ እንዲያ ፈክተህ ስታየው ምን ልበልህ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «ስትጠይቀኝ የምመልሰው እንዳላጣ፣ እኔም በልቤ ወንዝ ሠራሁ። የእኔው ድልድይ አለው፤ ክረምት ሲሆን ይሞላል።»



«ልክፈተው?» አለ መኳንንት፣ ጣቱን ከፈቃዱ ላይ አሳርፎ።

«ቆየኝ» አሉ ሽማግሌው። ወንበር ስበው ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ ብሌናቸውንም አወለቁ።

«ድልድዩ» አሏቸው፣ «የእንጨት ነው የድንጋይ?»