ስኳር ያልገባበት እሺታ

ሰልዋ ፔርሙዙን በፈላ ውሃ አለቅልቃ ደፋችው። ከሻይ ቤቷ ፊት የኮድቡር ሰፈር ባጃጆች መሰለፍ ጀምረዋል።

ፔርሙዙ የሃሩን ነው። ሃሩን የበርበራን መንገድ በጭነት መኪና የሚመላለስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ሻይ ሳያስሞላ ወጥቶ አያውቅም። ትናንት ፔርሙዙን ሲሰጣት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

«አፍ አውጥተሽ መናገር ካፈርሽ ሻዩ ይንገረኝ» አላት። «እንደ ልማዴ ከጣፈጠ፣ ልታገቢኝ እሺ ብለሻል። ካልጣፈጠ ገባኝ።»

እሺ ልትለው ነበር። ሌሊቱን በደስታ አልተኛችም።

እዚህ አገር ስኳር ከሻይ ቅጠሉ ጋር አብሮ ይፈላል። ማንኪያውን አነሳች፤ የሟች አባቷ የዘይኑ ማንኪያ ነው። ስኳር ውስጥ ባጠለቀችው ቁጥር ከጀርባዋ ድምፁ ይመጣል።

«አንድ ጨምሪ፣ ሰልዬ።»

ትጨምርለት ነበር። መውደድ መጨመር ይመስላት ነበር። የስኳር በሽታው የታወቀው የእግሩ ቁስል አልድን ሲል ነው፤ እግሩ ተቆረጠ፣ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሙ፣ «ሻይ ብቻ አይደለም፤ በዘርም ይመጣል፣ ተቀምጦ መዋልም ያግዘዋል» ቢላትም አልተጽናናችም።

ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠች። ለሃሩን ብቻ፣ በትንሿ ማንቆርቆሪያ፣ ያለ ስኳር አፈላች።

ሃሩን መጣ፤ ፔርሙዙን በመኪናው መስኮት ተቀበላት። «ቆይ» ልትለው አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። መኪናው ሄደ።

አሥራ ሁለት ቀን አልታየም። በአሥራ ሦስተኛው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው የጠፋሁት። መልስሽ ገና ከከተማ ሳልወጣ ገብቶኛል።»

«አልገባህም!» የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። «እናትህ ስኳር አለባቸው። አንተ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ትውላለህ። ቦርጭህ መሪ ሊነካ ነው!»

«ቦርጬን ተይው፤ የሾፌር መታወቂያ ነው።»

«አትቀልድ። ተመርመር።»

«ምንም አላመመኝም እኮ።»

«አባዬንም ምንም አላመመውም ነበር።»

ሃሩን እጁን ቦርጩ ላይ አሳረፈ።

«እሺ ልልህ ነው ስኳሩን የከለከልኩህ» አለች ቀስ ብላ። «በዚያ ማንኪያ ሁለተኛ ሰው አልቀብርም።»

በማግስቱ ሃሩን ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግዶ፣ ምግብ ሳይቀምስ ደሙን ተመረመረ። ከዚያ መኪናውን ትቶ ከ31 ሜይ ሰፈር በእግሩ መጣ፤ ላብ አጥምቆታል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

«የደሜ ስኳር መቶ አሥራ አራት ነው። ገና በሽታ አልሆነም፣ ግን ደጃፉ ላይ ቆመሃል አሉኝ። ክብደት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ ለስላሳ ተው፣ በየዓመቱ ተመርመር ተባልኩ።»

«ከደጃፉ ይመለሳሉ?»

«የተጠነቀቁ ብዙዎች ይመለሳሉ አሉ። ኢንሻአላህ።»

ሻይ ቀዳችለት። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ወላሂ፣ እሺታሽ ይመራል።»

«ትለምደዋለህ።»

«እስከ መቼ ነው የምጠጣው?»

«ዕድሜ ልክህን» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሲሄድ በእግሩ ነበር። ከመንገዱ ማዶ እስኪሰወር አየችውና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ድምፁ እዚያው ነበር።

«አንድ ጨምሪ፣ ሰልዬ።»

«አልጨምርም፣ አባዬ» አለች።

ማንኪያውን አጠበችው። በጨርቅ አደረቀችው። መሳቢያው ውስጥ አስገብታ ዘጋችው።