ባለ ጉትቻ አይጦች

«ወላሂ፣ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ካለች ይቺ ምላሴ ትድረቅ» አለ ሙንተሲር፣ ምላሱን አውጥቶ ለክፍሉ በሙሉ እያሳየ። «አነሩ ጥጃ ያክላል። ዓይኑ የባጃጅ መብራት ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ሲከፍት፣ አይጡ ሁሉ እየዘለለ ሲያመልጥ፣ ብቻዬን ነው በድንጋይ የገጠምኩት።»

ቆቦ ውስጥ መማል የሚችል ሰው ሞልቷል፤ እንደ ሙንተሲር የሚምል ግን ከአላውሃ እስከ አላማጣ ቢፈለግ አይገኝም። እሱ ሲምል ግድግዳው ራሱ ያምናል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እረፍታቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ቶይባ ብቻ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እግሯን ታንቀጠቅጣለች፤ ዴስኩም አብሯት ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ያለችው ዘሊካ የመሬት መንቀጥቀጥ አስነሳሽብን ብላ በክርኗ ጎሸመቻት።

ቶይባ አነር የሚባል ነገር አላየችም። ያየችው ሌላ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዶክተር መሠረት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ጊዜ ነው። በፒካፕ ጭና ያመጣችው የብረት ሳጥን ቢዘረጋ የቆቦን ቤት ሁሉ ክዳን ይሆን ነበር። ሳጥኖቹ ወጥመድ ናቸው፤ ግን አይገድሉም። አይጡ የኦቾሎኒ ቅቤ ሸትቶት ይገባል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፣ ጠዋት በሰላም ይወጣል። ዶክተሯ ወደ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ መጥታ ሁለት ረዳቶች እንደምትፈልግ ስትናገር፣ ስለ አይጥ የሰሙት ነገር ሁሉ ስድብ ብቻ የነበረ ልጆች ጆሯቸውን አቀኑ። አብዛኛውን መድኃኒት ከሰው በፊት አይጥ እንደሚቀምሰው ነገረቻቸው። ሰውነቱ ከውስጥ ሲታይ በብዙ ነገር የእኛን ይመስላል፤ ቶሎ ይወልዳል፣ ቶሎ ያድጋል። ስለዚህ በየላቦራቶሪው ነጫጭ አይጦች ይረባሉ። የእርሻ አይጥ ደግሞ ለሌላ ጥናት ነው፦ ምን ይበላል፣ ምን በሽታ ይሸከማል፣ ዝናቡ ጥሩ ሲሆን ስንት ይሆናል።

«እንግዲያው ሐኪም ቤት ካርድ ቁጥር አንድ የአይጥ ነዋ» አለ ሙንተሲር። ዶክተሯ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና እሱን መረጠችው። ቶይባን የመረጠቻት ግን ስለ ጠየቀች ነው፤ የሚደበቅ ነገር እንዴት ተደርጎ ይቆጠራል ብላ።

ዶክተሯ መልሱን በማሽላ አሳየቻት። ከአንድ ጣሳ ማሽላ ጥቂት ፍሬ አወጣች፣ በእስክሪብቶ ቀለም ቀባች፣ መልሳ ጨምራ በደንብ አማሰለች፤ ከዚያ እፍኝ ዘገነች። በእፍኟ ውስጥ የተቀባው ብዙ ከሆነ ጣሳው ውስጥ ያለው ፍሬ ትንሽ ነው። የተቀባው ጥቂት ከሆነ ግን ጣሳው ሙሉ ነው ማለት ነው። ለአይጦቹ ደግሞ በቀለም ፋንታ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ የብረት ጉትቻ ይደረግላቸዋል።

ሳጥኖቹ የተዘረጉት በቶይባ አባት በአቶ ኸይረዲን ማሽላ ውስጥ ነው። አባቷ የፈቀዱት ለልጃቸው ሲሉ እንጂ ገብቷቸው አይደለም። የመጀመሪያው አይጥ ተመዝኖ፣ የደም ጠብታው ወረቀት ላይ አርፎ፣ ጉትቻው ተደርጎለት ሲለቀቅ ቆመው አዩ፤ ማሽላው ውስጥ ሲጠፋም አዩ።

«ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ሌባ ይዛችሁ፣ አስጊጣችሁ፣ ወደ ጎተራው መለሳችሁት ማለት ነው?»

ያን ቀን ማሳው ዳር የነበረ ገበሬ ሁሉ እስኪበቃው ሳቀ። የአይጥ ሙሽራ፣ የአይጥ ሰርግ የሚል ቀልድ ገበያ ድረስ ሄደ። ዶክተሯም አብራ ሳቀች። ስትጨርስ ለሁለቱ ተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ተናገረች፦ ሳጥኑ ብረት ነው፤ ፀሐይ ሳትጠነክር ካልተከፈተ ምድጃ ይሆናል። የቆቦን ፀሐይ ደግሞ የማያውቅ የለም። ጥቅምት ላይ እንኳ ዶሮዋ እንቁላሏን የተቀቀለ ትጥላለች።

እነቶይባ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ስለነበሩ ጠዋት ጠዋት በየተራ ሳጥን ይከፍቱ ጀመር። ዶክተር መሠረት ሮቢት ወዳለው ሌላ ማሳ በሄደችበት ቀን ተራው የሙንተሲር ነበር። ቶይባ ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፏን እያጮኸች ግሪሳ ታባርራለች። ከዚያ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ ሳጥኖቹ በማሽላው መሃል እንደ መስታወት አብለጨለጩ። ሙንተሲር የለም። ጮኻ ብትጠራው የሚሰማት የለም፤ ወርዳ እንዳትከፍት ደግሞ የግሪሳው መንጋ ሰማዩን አጥቁሮታል። እከፍታለሁ ስትል አልከፈተችም፤ ይመጣል ስትል አልመጣም። ሲመጣ እየሮጠ ነበር። ማታ ኳስ ሲያይ አምሽቶ እንቅልፍ ጥሎት ነው። አንዱን ሳጥን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ቆይቶ ተነሳና ማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር መቆፈር ጀመረ።

አንዴ የኦቾሎኒ ቅቤ የቀመሰ አይጥ ሳጥኑን አይጠላውም፤ ያን ቀን የሞቱት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ባለ ጉትቻዎቹ ነበሩ።

ሙንተሲር ማማው ሥር መጥቶ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። «ቶይባ፣ በአላህ እንዳትናገሪ» አለ።

«እሺ» አለች። ቃሉ ሳያማክራት ነው የወጣው። ምክንያቱም ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ቤቷ ውስጥ ማንም በማይስቅበት ጊዜ፣ ይኸው ልጅ በየቀኑ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተረት ያወራላት ነበር። ግመል ያገባ ሹፌር፣ ደብተር የሚበላ ዳይሬክተር። ሁሉም ውሸት ነበር፤ እሷ ግን በእነዚያ ውሸቶች ነው ያን ክረምት የተሻገረችው። ለአይጥ ብላ እንዴት ታጋልጠዋለች? ለአይጥ ማን አለቀሰ?

አነሩ የተወለደው በማግስቱ ነው። ዶክተር መሠረት ሳጥኖቹ በአውሬ ተከፍተው አይጦቹ እንዳመለጡ ሰማች፣ አመነች፣ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ሁለተኛው ቆጠራ ደረሰ።

ዶክተሯ በሳይንስ ክበቡ ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ጉትቻ የተደረገላቸው ስልሳ ናቸው። አሁን የተያዙት ሰላሳ። ከሰላሳዎቹ ባለ ጉትቻ ሦስት ብቻ። እፍኙ ውስጥ ከአሥር አንድ ብቻ ከተቀባ፣ ጣሳው ውስጥ የተቀባው ስልሳ ከሆነ፣ ጠቅላላው ስድስት መቶ ነው።

የቶይባ እስክሪብቶ ቆመ። የቀሩት ባለ ጉትቻዎች ከስድስት መቶ አይጥ መሃል ተደባልቀው አልጠፉም። ግራሩ ሥር ናቸው።

ወሬ ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ስድስት መቶው ሮቢት ሲደርስ ስድስት ሺህ ሆነ፤ ጎብዬ ሲደርስ ስልሳ ሺህ። ወደ ቆቦ ሲመለስ አይጦቹ ብረት የሚቆረጥም ጥርስ አብቅለው ነበር። አቶ ኸይረዲን ያንን ሰምተው ማጭዳቸውን ሳሉ። ሳይበላብን በእሸቱ እንጨደው ብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተስማሙ። ቶይባ ማሳው ዳር ሄዳ አንድ ፍሬ በጥፍሯ ጨመቀች፤ ወተት ወጣ። ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። አሁን ከታጨደ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ገለባ ነው።

ያን ምሽት መቀመጥ አቃታት። ሙንተሲር በር ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች። ውኃ ቀዳች፣ መልሳ ደፋችው፣ እንደገና ሄደች። በሩ ላይ ባጃጅ ሲያጥብ አገኘችው።

«ነገ አባቴ ሊያጭዱት ነው» አለችው።

«ታዲያ ማሽላ አይታጨድም እንዴ?»

«ገና ወተት ነው። ስድስት መቶ አይጥ የለም ሙንተሲር። ቁጥሩ ያበጠው አንተ በቀበርካቸው ነው።»

«አታካብጂ አቦ። ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ?» ጨርቁን ጨመቀ፣ መልሶ ነከረ፣ እንደገና ጨመቀ። ዓይኗን አላየም። «እሺ፣ አብሽሪ። ነገ እዚያው ተገኝቼ አስተካክለዋለሁ።»

«እውነቱን ትናገራለህ?»

«አስተካክለዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ ገበሬዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው ማሳው ዳር ተሰበሰቡ። ዶክተር መሠረት መሃላቸው ቆማ አንድ ቀን ብቻ እንዲታገሡ ለመነቻቸው፤ ቁጥሩን እሷ ራሷ ገና እንዳላመነችው፣ በባለ ጉትቻዎቹ ቁጥር ላይ አንድ ያልገባት ጉድለት እንዳለ ነገረቻቸው። ይርጋ የሚባል ጎረቤት፣ እርስዎ ቁጥሩን እስኪያምኑት አይጡ ቆሞ ይጠብቀናል ወይ ሲላት የሚስቅ አልነበረም። ከዚያ ወደ ሙንተሲር ዞረች። ያን ጠዋት የሆነውን እንደገና እንዲነግራት ጠየቀችው።

ሙንተሲር ጉሮሮውን ጠረገ። ቶይባ እግሯ መንቀጥቀጡን አቆመ። አሁን ይናገራል አለች በልቧ።

ለመናገርም ጀምሮ ነበር። ሆኖም ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ በጉጉት ሲያየው አንድ ነገር ጎተተው። አነሩ በወሬው መሃል ብቅ አለ። ቀጥሎ ሚስቱ ተከተለችው፤ አነሮቹ ሁለት ሆኑ። ከሳጥኖቹ የወጣው አይጥ መሬቱን አለበሰው፣ ከሌላው ማሳም እየጎረፈ ተቀላቀለው፤ ሙንተሲር እስከ ጉልበቱ በአይጥ ውስጥ ቆሞ ተዋጋ። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ኸይረዲን እጅጌያቸውን ጠቀለሉና የመጀመሪያውን አገዳ በግራ እጃቸው ጨበጡ።

ሙንተሲር ይህን ሲያይ ደነገጠ። ታሪኩ ግን ከእጁ አምልጧል፤ መመለሻውም ጠፍቶታል። ዶክተሯ በጥርጣሬ ስታየው ጊዜ የቅርቡን መውጫ ያዘ።

«ካላመኑኝ ቶይባን ይጠይቋት» አለ። «ማማው ላይ ነበረች። አይተሻል አይደል ቶይባ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የሙንተሲር ዓይን ያ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያስቃት የነበረው ዓይን ነው፤ ይለምናታል። የአባቷ እጅ አገዳው ላይ ነው።

ቶይባ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አልፈለገችም። በሰዎቹ መሃል አልፋ ዶክተር መሠረት አጠገብ እስክትደርስ ሄደች፤ እዚያ ስትደርስ መጮህ አያስፈልጋትም።

«አነር አልመጣም» አለች። «ሙንተሲር ሲደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ባለ ጉትቻዎቹ ያሉበትን እኔ አሳይዎታለሁ።»